የአፊሊየት ቃላትን በፊደል ተራ አትሸምድጂ፤ ዶላሩን ተከተዪ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ እስከዚያው በስልኬና በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ አፊሊየት ማርኬቲንግ ልጀምር አስቤአለሁ። የትኛውንም ትምህርት ስከፍት ግን ኢፒሲ፣ ሲፒኤ፣ ኩኪ፣ ፖስትባክ የሚል ነገር ይበዛብኛል። 240 ቃል ያለበት ዝርዝር አውርጄ ከኤ ጀምሬ መያዝ ጀመርኩ። ኤፍ ላይ ስደርስ ኤ ላይ የያዝኩት ጠፋብኝ። አንድ ሰው ደግሞ ቃላቱን ብቻ የሚያስተምር ኮርስ በ3,500 ብር አለኝ። ዝርዝሩን ልጨርስ? ኮርሱን ልግዛ? ወይስ ቃሉን ትቼ ዝም ብዬ ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሦስቱም ይቅሩ። ዝርዝሩን ዝጊው፣ ኮርሱን አትግዢ፣ ዝም ብሎ መጀመርም ያስከፍላል። ከ240ው ቃል ለጀማሪ የሚያስፈልገው 30 ቢሞላ ነው። የቀረው ወይ ማስታወቂያ በገንዘቡ ለሚገዛ ሰው ነው፣ ወይ ያንኑ ነገር በሌላ ስም የሚጠራ ነው፣ ወይ ኮርስ ሻጭ ለማስደመም የሚደረድረው ነው። ሠላሳውንም በፊደል ተራ ከያዝሽው ይጠፋብሻል፤ ቃላቱን እርስ በርስ ያያዛቸው ፊደል ሳይሆን የገንዘቡ ጉዞ ነውና። አንድ ሰው ሊንክሽን ከነካበት ቅጽበት አንስቶ ዶላሩ ሒሳብሽ እስኪገባ ያለውን መንገድ በተራ ሂጂበት፤ ቃሉን በየጣቢያው ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ሰዎቹ። አፊሊየት ማለት ደላላ ነው፤ ማስዋብ አያስፈልገውም። የቤት ደላላ ቤቱ የሱ አይደለም፣ ኪራዩን አይወስንም፣ ቁልፍ አያስረክብም፤ አገናኝቶ፣ ውሉ ሲፈረም ኮሚሽኑን ይቀበላል። እዚህ በቤቱ ባለቤት ቦታ ያለው ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ «መርቻንት» ወይም «አድቨርታይዘር» ይባላል። ደላላዋ አንቺ ነሽ፤ ነገር ግን ብዙ ውሎች ላይ አፊሊየት ሳይሆን «ፐብሊሸር» ብለው ነው የሚጽፉሽ። ይህን ያላወቀ ጀማሪ «ፐብሊሸሩ እንዲህ ቢያደርግ አካውንቱ ይዘጋል» የሚለው አንቀጽ መጽሐፍ አሳታሚዎችን የሚመለከት መስሎት ዘሎት ያልፋል። በነጋዴውና በአንቺ መሃል «ኔትወርክ» አለ፦ ብዙ ነጋዴዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር አቅርቦ፣ ሽያጩን ቆጥሮ የሚከፍል፤ ሲጄ፣ አዊን፣ ክሊክባንክን የመሰለ። አማዞን ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረውን ፕሮግራም ራሱ ነው የሚያስተዳድረው፤ እንዲህ ያለው «ኢንሃውስ» ይባላል። ገዢው ያው ገዢ ነው። እሱን ወደ ነጋዴው ገጽ የምታመጪበት ፍሰት ደግሞ «ትራፊክ» ይባላል። ፒያሳ መስቀለኛው ላይ ፊሽካ የሚነፋውን እርሺው።

ቀጥሎ ሊንኩ። «ትራኪንግ ሊንክ» ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። እስከ ጥያቄ ምልክቱ ያለው የዕቃው አድራሻ ነው፤ ማንም ያገኘዋል። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ጅራት ግን ያንቺ ስም ነው። አማዞን ላይ ጅራቱ ውስጥ «ታግ» የሚል ቃል አለ፤ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ መለያሽ ይመጣል። ሊንኩ ሲረዝምባቸው «ያስቀይማል» ብለው ጅራቱን ቆርጠው ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉ ብዙ ናቸው። ሊንኩ ይከፈታል፣ ዕቃው ይታያል፣ ሰውም ይገዛል። ኮሚሽን ግን የለም፤ ደላላው ስሙን ሳይናገር ነው ተከራዩን የላከው። ስለዚህ ማንኛውንም ሊንክ ከመለጠፍሽ በፊት ራስሽ ክፈቺውና ገጹ ከተከፈተ በኋላ መለያሽ አድራሻው ላይ መኖሩን ተመልከቺ። (አንዳንድ ኔትወርክ በራሱ አድራሻ ጀምሮ ወደ ነጋዴው የሚያሻግር ሊንክ ይሰጣል፤ የዚያ መለያ መሃሉ ላይ ስለሚሆን ጭራሽ እንዳትነኪው።)

ሁለት የሊንክ ቃላት ብቻ ጨምሪ። «ዲፕ ሊንክ» ወደ መደብሩ መግቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አንዱ ዕቃ የሚወስድ ነው። «ሰብ-አይዲ» ደግሞ አንቺ ራስሽ የምትለጥፊበት ምልክት ነው፦ ይህ ሊንክ የቴሌግራሙ፣ ያ ደግሞ የዩቲዩቡ ነው ብለሽ ትለይበታለሽ። ሰብ-አይዲ ያልተጠቀመ ሰው በወሩ መጨረሻ 6 ሽያጭ ያያል፤ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ግን የሚሠራውን ትቶ በማይሠራው ሲደክም ይከርማል። ምልክቱን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፊው፤ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ይበላሻል።

አሁን ሰውየው ነካው። ይህ «ክሊክ» ነው። በዚያች ቅጽበት ብራውዘሩ ላይ ትንሽ ምልክት ትቀራለች፤ «ኩኪ» የምትባለው እሷ ነች፤ «ይህ ሰው በእገሊት በኩል መጣ» የምትል። ምልክቷ የምትቆይበት ዕድሜ «ኩኪ ዱሬሽን» ይባላል። አማዞን ላይ 24 ሰዓት ነው። በ24 ሰዓቱ ውስጥ ከገዛ፣ ያሳየሽውን ዕቃ ትቶ ሌላ ቢገዛ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይቆጠርልሻል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጋሪው ውስጥ (ሊገዛ የመረጠውን በሚያስቀምጥበት) የከተተውን ዕቃ ደግሞ እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ቢገዛው ይያዝልሻል። ትእዛዙን እንደጨረሰ ግን የ24 ሰዓቱ ቆጠራ ያበቃል፤ ማታ ተመልሶ ሁለተኛ ዕቃ ቢገዛ ያንቺ አይደለም።

ሌሎች ፕሮግራሞች 30፣ 60፣ 90 ቀን ይሰጣሉ። ጀማሪ እዚህ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይቸኩላል። የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሌላ ድረ ገጽ ስም የሚቀመጡ ኩኪዎችን ጭራሽ አይቀበልም፤ በገጹ ውስጥ ባለ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) የሚቀመጡትንም ቢበዛ በ7 ቀን ያጠፋል። ስለዚህ ውሉ 90 ቀን ቢልም የአይፎን ተጠቃሚ ዘንድ ስትደርሺ ቁጥሩ ሊያጥር ይችላል፤ የሚወስነው ነጋዴው የሚቆጥርበት ዘዴ ነው። ሌላም አለ። ፌስቡክና ቲክቶክ ሊንክ ሲነካ በራሳቸው ውስጥ ባለ ብራውዘር ነው የሚከፍቱት። ኩኪዋ እዚያው ትቀራለች። ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ በክሮም ፈልጎ ሲገዛ አንቺ በመሃሉ አልነበርሽም። «ሰው ገዝቼልሻለሁ ይለኛል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የለም» የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። ነጋዴው የሰረቀም አይደለም፤ ሰውየውም አልዋሸም።

ከኩኪ ጋር የምትሄድ አንዲት ሐረግ አለች፤ ከሁሉም በላይ እሷን ያዢ፦ «ላስት ክሊክ አትሪቢውሽን»። ጠዋት አንዱ ደላላ ምስራቅ ክፍለ ከተማ ያለ ቤት አሳየሽ እንበል። ከሰዓት ሌላ ደላላ እዚያው ቤት ወስዶሽ ተዋዋልሽ። ኮሚሽኑ የማን ነው? እኛ ሰፈር ይህ ጉዳይ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ኢንተርኔቱ ላይ ግን ጭቅጭቅ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ይወስዳል። አንቺ 20 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርተሽ ሰውየውን ታሳምኚዋለሽ፤ እሱ ከመክፈሉ በፊት የቅናሽ ኮድ ፍለጋ ሌላ ገጽ ገብቶ የዚያን ገጽ ሊንክ ይነካል፤ ድካሙ ያንቺ፣ ኮሚሽኑ የዚያ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ የቅናሽ ኮድ የሚሰጥ ከሆነ ኮዱን አንቺው ቪዲዮሽ ሥር አስቀምጪው፤ ሰውየው ሌላ ቦታ የሚሄድበት ምክንያት አይኑረው። ሰው ሳይነካ ኩኪ በድብቅ ብራውዘሩ ላይ መትከል ደግሞ «ኩኪ ስተፊንግ» ይባላል። ማጭበርበር ነው፤ ኢቤይን በዚህ መንገድ የመዘበሩ አፊሊየቶች እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ከክሊክ በኋላ ነጋዴው የሚከፍልበት ድርጊት ይመጣል፤ ድርጊቱ ሲፈጸም «ኮንቨርዥን» ይባላል። ደብተርሽ ላይ «ኮንቨርዥን ማለት መለወጥ» ብለሽ ከጻፍሽ ምንም አልያዝሽም። «ጎብኚው ነጋዴው የሚከፍልበትን ነገር አደረገ» ብለሽ ጻፊው። ያ ነገር ምንድን ነው የሚለውን የክፍያው ዓይነት ይነግርሻል። ሲፒኤስ ከሆነ ሽያጭ ነው። ሲፒኤል ከሆነ ሰውየው ስምና ኢሜይሉን ሞልቶ መመዝገቡ ነው፤ ያ ተመዝጋቢ «ሊድ» ይባላል። ሲፒኤ «በድርጊት የሚከፈል» ማለት ነው፤ ሁለቱንም የሚያቅፍ ሰፊ ስም ስለሆነ «ድርጊት» ሲል የትኛውን ድርጊት እንደሆነ ውሉ ውስጥ ፈልጊ። «ነጻ ሙከራ ጀመረ» እና «ሙከራው አልቆ የመጀመሪያ ወር ከፈለ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሲፒሲ በክሊክ ነው፤ ሲፒኤም በ1,000 ዕይታ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ሚሊዮን አይደለችም፤ ሮማውያን 1,000 የሚጽፉባት ናት። ለጊዜው ሁለቱ የሚያስፈልጉሽ ማስታወቂያ ስትገዢ ብቻ ነው።

አሁን ሪፖርቱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው፤ ካልኩሌተር ይዘሽ አብረሽኝ ሥሪ። 400 ክሊክ፣ 6 ሽያጭ፣ አማካይ ሽያጭ 50 ዶላር፣ ኮሚሽን 8 በመቶ። ስድስቱ ሽያጭ 300 ዶላር ነው፤ ኮሚሽኑ 24 ዶላር። 6ን ለ400 ስታካፍዪው 1.5 በመቶ ይመጣል፤ «ኮንቨርዥን ሬት» ያ ነው። 50ው ዶላር «ኤኦቪ» ይባላል፤ የአንድ ትእዛዝ አማካይ ዋጋ። 24ን ለ400 አካፍዪው፤ 0.06 ዶላር። ይህች «ኢፒሲ» ናት፦ አንድ ክሊክ በአማካይ ያስገኘልሽ ገንዘብ።

ሲጄን የመሰሉ ኔትወርኮች ግን ኢፒሲን የሚያሳዩት ለ100 ክሊክ ነው። ያው ቁጥር እዚያ 6.00 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያላወቀ ሰው «አንድ ክሊክ 6 ዶላር!» ብሎ ፌስቡክ ላይ ክሊክ በ10 ሳንቲም ይገዛል። 400 ክሊክ በ0.10 ዶላር 40 ዶላር ወጣበት፤ 24 ገባለት። ከዚያ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሮአስ» ማለት የገባውን ለወጣው ማካፈል ነው፤ 24 ለ40፣ 0.6 ወይም 60 በመቶ። «60 በመቶ አተረፍኩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታያለሽ። ከስሯል። ትርፍና ኪሳራ የሚነግረው «አርኦአይ» ነው፤ ከገባው ላይ የወጣውን ቀንሰሽ ለወጣው ታካፍያለሽ፦ ከዜሮ በታች 40 በመቶ። ሁለቱን ቃላት ያምታታ ሰው በደስታ ነው የሚከስረው።

ኔትወርኩ በነጋዴው ስም ጎን የሚያሳይሽ ኢፒሲ ደግሞ የሁሉም አፊሊየቶች አማካይ ነው፤ ዓመታት የሠሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ገጾች ያሏቸው ሁሉ ውስጡ አሉ። ያንቺን አይተነብይም። የክሊክባንክ «ግራቪቲ»ም እንደዚያው ነው፦ ባለፉት 12 ሳምንታት ያንን ምርት ሸጠው ኮሚሽን ያገኙ የተለያዩ አፊሊየቶችን ቁጥር የሚያመለክት ነጥብ ነው፤ የቅርቡ የበለጠ ይመዝናል። ከፍ ያለ ማለት የሚሸጥ ነው፣ ግን የሚሻሙበትም ብዙ ነው ማለት ነው።

ሪፖርቱ ላይ 24 ዶላር መታየቱ 24 ዶላር አለሽ ማለት አይደለም። ከጎኑ «ፔንዲንግ» ይላል። የአፊሊየት ገንዘብ አራት ስም አለው፦ ፔንዲንግ፣ ታይቷል ግን አልጸደቀም፤ «አፕሩቭድ» ወይም «ሎክድ»፣ ጸድቋል፤ «ሪቨርስድ» ወይም «ዲክላይንድ»፣ ተሰርዟል፤ «ፔይድ»፣ ተከፍሏል። ከስድስቱ ገዢዎች ሁለቱ ዕቃውን ከመለሱ የነሱ 8 ዶላር ይሰረዝና 16 ይቀርሻል። ኢፒሲሽም ወደ 0.04 ይወርዳል። ልብስና ጫማ ብዙ ይመለሳል፤ ልክ ያልሆነው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ፔንዲንግ ላይ ያለውን ገንዘብ እንዳለሽ አትቁጠሪው።

ከጸደቀ በኋላም «ትሬሾልድ» አለ፤ ሒሳቡ ያን ያህል ካልሞላ አይላክም። «ኔት-30»፣ «ኔት-60» የሚለው የመዘግየቱ ቁጥር ነው፤ ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ ሽያጩ ከተደረገበት ወር መጨረሻ ነው የሚጀምረው እንጂ ከሽያጩ ቀን አይደለም። አማዞን የሚከፍለው ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው። በፈረንጅ ጥር የመጀመሪያ ሳምንት የሸጥሽበት ገንዘብ የሚመጣው በፈረንጅ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ነው። ለቤት ኪራይ የሚደርስ ገንዘብ አድርገሽ አታስቢው።

የክፍያውን ክፍል የእኛ ሀገር ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን እሱ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት የፕሮግራሙን የክፍያ ገጽ ክፈቺና የሀገራት ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች ወይ፣ ካለች በየትኛው መንገድ ብለሽ ተመልከቺ። በዘመድ ስም፣ በሌላ ሀገር አድራሻ የሚከፈት አካውንት ገንዘቡ ሲጠራቀም ነው የሚዘጋው፤ ምክንያቱም «ኬዋይሲ» የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክፍያ ስትጠይቂ ነው። ስምሽን ፓስፖርትሽ ወይም መታወቂያሽ ላይ እንዳለ በላቲን ፊደሉ ሳይቀር አንድ ዓይነት አድርገሽ ጻፊ። አንድ ቦታ በአባት ስም፣ ሌላ ቦታ በአያት ስም፣ አንድ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ቦታ በሁለት ከጻፍሽ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነሽ። የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ የግብር ቅጽ ያስሞላሻል። አሜሪካዊ ላልሆነ ግለሰብ የሚሆነው «ደብልዩ-8 ቤን» ነው፤ «ደብልዩ-9» የአሜሪካውያን ስለሆነ እሱን አትንኪው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን ደግሞ ሒሳብሽን በዶላር ያዢ፤ ያለዚያ ምንዛሪው ሲወጣ ሽያጩ የጨመረ ይመስልሻል።

«ጂኦ» የሚል ቃልም ታገኛለሽ፤ ገዢው ያለበት ሀገር ማለት ነው። ሐዋሳ ላሉ ጓደኞችሽ የአማዞን ብርድ ልብስ ሊንክ መላክ ትርጉም የለውም፤ ዕቃው ደጃቸው አይደርስም። አማርኛ እያነበበ አሜሪካ የሚኖረው ሰው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የቡና መፍጫ፣ ለልጁ መጽሐፍ ይገዛል። እሱ ጋ ለመድረስ የአሜሪካው አማዞን መለያ ያስፈልግሻል፤ ለንደን ያለው ሰው በእንግሊዙ አማዞን ቢገዛ በአሜሪካው መለያሽ አይቆጠርልሽም።

አሁን አካውንት የሚያዘጉት ቃላት፤ ከሠላሳው ውስጥ ለእነዚህ ዝቅ ያለ ቦታ አትስጪ። «ሴልፍ ፐርቸስ» በራስ ሊንክ ራስ መግዛት ነው፤ አማዞን ይከለክላል። «ኢንሰንቲቫይዝድ ትራፊክ» ሰው ጥቅም ስለተሰጠው ወይም ስለተለመነ የሚነካው ነው። «ቤተሰብ፣ ግቡና ክሊክ አድርጉልኝ» የሚለው የቴሌግራም ልማዳችን በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ 300 ክሊክ ያለ አንድም ሽያጭ ከአንድ ከተማ ሲመጣ ኔትወርኩ ያየዋል። «ብራንድ ቢዲንግ» የነጋዴውን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች ጉግል ላይ ማስታወቂያ ገዝቶ መጥለፍ ነው፤ ብዙ ውሎች ያግዱታል። «ዲስክሎዠር» ደግሞ መከልከል ሳይሆን ግዴታ ነው፦ ከሊንኩ ኮሚሽን እንደምታገኚ ለአንባቢው በግልጽ መንገር። የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ይጠይቀዋል፤ አማዞንም ውሉ ውስጥ አስገብቶታል። ከሊንኩ አጠገብ ይሁን፣ ከገጹ ግርጌ አይደበቅ፣ አንባቢሽ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ሌላው ውሉ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር «ተመኑን በማንኛውም ጊዜ ልንቀይር እንችላለን» የሚለው ነው። ባዶ ቃል አይደለም፤ አማዞን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 በመቶ አውርዶታል።

«ፓኬጅ»፣ «ደረጃ»፣ «ዳውንላይን»፣ «አክቲቬሽን ፊ» የሚሉ ቃላት ከሰማሽ ደግሞ የሚነገርሽ ስለ አፊሊየት አይደለም። አንዳንድ ኔትወርክ ማንነት ለማረጋገጥ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር ይመልሳል እንጂ ለመሥራት የሚከፈል ነገር የለም። ገቢው ከሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን ከሚገቡ ሰዎች የሚመጣ ከሆነ ፒራሚድ ነው፤ የሀገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ሕግም ይከለክለዋል። «ሪፈራል» ግን ሌላ ነው፦ አፕ ጋብዘሽ አንዴ የምታገኚው ጉርሻ፤ ምንም ችግር የለውም፣ ሥራ ግን አይሆንም።

አጠናኑ ቀላል ነው፤ 10 ቀን፣ በቀን 3 ቃል። ለእያንዳንዱ ቃል ደብተር ላይ ሦስት መስመር፦ ቃሉ እንደሚነገረው፣ ዶላሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በቁጥር አንድ ምሳሌ። ሦስተኛውን መስመር መሙላት ካቃተሽ ቃሉን አልያዝሽውም። በስምንተኛው ቀን አንድ ፕሮግራም ብቻ ምረጪና ውሉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ አሳትሚው፤ በስልክ ስክሪን የተነበበ ውል አይገባም። እስክሪብቶ ይዘሽ እነዚህን ፈልጊ፦ ኩኪው ስንት ቀን ነው፤ ሁለት ሰው ቢያገናኝ ማን ይወስዳል፤ የሚከፈልበት ድርጊት ምንድን ነው፤ የየትኛው ሀገር ገዢ ይቆጠራል፤ መቼና ስንት ሲሞላ ይከፈላል፤ ኢትዮጵያ በምን ይላካል፤ ምን ቢደረግ አካውንቱ ይዘጋል። ሰባቱንም መልሰሽ ከመስመሩ ጎን ቁጥር ካልጻፍሽ አትመዝገቢ። በተለይ አማዞን ላይ «እስቲ ልየው» ብሎ መመዝገብ አይመከርም፤ በ180 ቀን ውስጥ 3 ብቁ ሽያጭ ካላመጣሽ አካውንቱ ይዘጋል፣ ቆጠራውም ከተመዘገብሽበት ቀን ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ገጹን ሥሪ፣ ጥቂት ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ይኑርሽ፣ ሰው መምጣት ሲጀምር ተመዝገቢ።

ሪፖርት መመልከት ስትጀምሪ ሰዓቱን አትርሺ። ብዙ የአሜሪካ ኔትወርኮች በፓስፊክ ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ከእኛ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ሆነሽ የሞከርሽው ክሊክ እዚያ የእሁድ ማታ ሆኖ ይመዘገባል። «የዛሬ» የሚለውን ስትከፍቺ ዜሮ ካየሽ ሊንኩ ተበላሸ ብለሽ ከመቀየርሽ በፊት የትናንትናውን ተመልከቺ።

ለ3,500ው ብር ሌላ ቦታ አለው። ዶሜይን (የራስሽ ድረ ገጽ ስም) ለአንድ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው፤ የቀረው የኢንተርኔት ጥቅል ይሆናል።

ጥያቄሽ ውስጥ ከጠቀስሻቸው ያልነካሁት ፖስትባክ ነው። የነጋዴው ሰርቨር (ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር) ሽያጭ ሲኖር ብራውዘሩን ሳይጠብቅ ለሌላ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከው መልእክት ነው፤ የኩኪ መጥፋት ስለማይነካው ማስታወቂያ የሚገዙ ሰዎች ይወዱታል። እሱን ለመቀበል አብዛኛውን ጊዜ ትራከር የሚባል ሶፍትዌር በወር ክፍያ መከራየት ያስፈልጋል። ማስታወቂያ በገንዘብሽ እስክትገዢ ድረስ ሰብ-አይዲው ይበቃሻል፤ ፖስትባክን ከሠላሳው ዝርዝር አውጪው።